"ይችላል" እና "አለበት"፦ ለፊልም ካሜራ የሚስማማ ፍላሽ ስለ መምረጥ

  

እንድናገር የተጠየቅሁት መዳፍ ስለምታህል አንዲት ዕቃ ነው፤ ስለ ፍላሽ። ልጆች የአባቶቻቸውን የፊልም ካሜራ ከሣጥን ሥር እያወጡ አቧራውን ያራግፋሉ። ፊልም ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ። ከዚያ ያገኙትን ፍላሽ አናቱ ላይ ሰክተው ሠርግ ይሄዳሉ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ አንዱ ፎቶ ጥቁር፣ ሌላው የነጣ፣ ሌላው ግማሽ ይሆናል። "ካሜራው አርጅቷል" ይባልና ተመልሶ ሣጥን ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ካሜራው ጤነኛ ነው። ያልተግባቡት እሱና ፍላሹ ናቸው።

አለመግባባት ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ ለዚህ አገር ሰው አይነገርም። ከዚህ ከሐይቅ ተነስታችሁ በወልድያ መንገድ ብትሄዱ ውጫሌን ታገኛላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የኢጣሊያ መንግሥት መልእክተኛ እዚያ ተዋዋሉ። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ፤ 17ኛው አንቀጽ ግን በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ አልነበረም። የአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል ለመላላክ ይችላሉ ይላል። የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። አንዱ "ይችላል" ሲል ሌላው "አለበት" ብሎ አነበበው። የዚያ ልዩነት ዋጋ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በደም ተከፈለ።

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን ፍላሽ ካሜራ ላይ በሰካሁ ቁጥር ይህ ውል ይታወሰኛል። ሁለት ዕቃዎች ቀጭን ብረት አገናኝቷቸው ይዋዋላሉ። ውላቸው አንቀጾች አሉት፤ በአንዱ አንቀጽ ካልተስማሙ የምትከፍሉት ፊልም ነው። አንድ ጥቅል ፊልም ቢበዛ 36 ፎቶ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ የሚስማማ ፍላሽ ማለት ብርቱው፣ ውዱ ወይም የካሜራው ስም የተጻፈበት ማለት አይደለም። ከካሜራችሁ ጋር በአራት አንቀጽ የሚስማማው ነው፤ በመቀመጫ፣ በኮረንቲ፣ በጊዜና በመጠን። አምስተኛ አንቀጽም አለ፤ እሱን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ።

አንደኛው አንቀጽ መቀመጫ ነው።

ካሜራችሁን አንስታችሁ እዩት። አናቱ ላይ የፍላሽ መቀመጫ አለ? ካለ፣ መሀሉ ላይ ክብ ብረት ነጥብ አለችበት? ያቺ ነጥብ "አሁን አብራ" የሚለው ትእዛዝ የሚተላለፍባት በር ናት። መቀመጫው ባዶ ብረት ብቻ ከሆነ ፍላሹን ይሸከማል እንጂ አያናግረውም። እንዲህ ያለው ካሜራ የሚያናግረው በገመድ ነው። ፊቱ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለችው፤ ፒሲ ትባላለች። ወጣቶች ኮምፒዩተር እንዳይመስላችሁ፤ ስሙ የመጣው ፕሮንቶርና ኮምፑር ከሚባሉ ሁለት የጀርመን ሻተሮች ነው። ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ዜኒት ኢ በዚህ ገመድ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዜኒት ኢ የያዘ ሰው ፍላሽ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ገመድ አለው ወይ?" ብሎ ነው።

በኋላ በወጡት ካሜራዎች ላይ ከመሀለኛዋ ነጥብ ጎን ሌሎች ትናንሽ ነጥቦች ተጨመሩ። እነዚህ የየፋብሪካው የሚስጥር ቋንቋ ናቸው። የካኖን ነጥቦች የሚያወሩት ኒኮን አይሰማውም፤ የፔንታክስ ደግሞ ሌላ ነው። ድምፃዊው አምባሰል ጀምሮ ክራሩ በባቲ ቅኝት ቢያጅበው ሁለቱም ጎበዝ ሆነው ዘፈኑ ይበላሻል፤ ይህም እንደዚያ ነው። መሀለኛዋ ነጥብ ግን ለሁሉም አንድ ናት። ስለዚህ የሌላ ፋብሪካ ፍላሽ ስትሰኩ የጎን ነጥቦቹን ወሬ ተዉትና ፍላሹን በእጅ በሚታዘዝበት መስመር ላይ፣ ማለትም "ኤም" ላይ አድርጉት፤ ወይም የራሱ ዓይን ካለው በራሱ ዓይን ይሥራ። መቀመጫቸው ጭራሽ የተለየም አሉ። ኒኮን ኤፍ እና ኤፍ 2 ፊልም መጠቅለያው ዙሪያ የሚሰካ የራሳቸው ዓይነት መቀመጫ አላቸው። ሚኖልታም ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣቸው ካሜራዎች ላይ ቅርጹን ቀይሮታል። ለእነዚህ መሸጋገሪያ ካልተገኘ ፍላሹ ቢያምርም አትግዙት።

ሁለተኛው አንቀጽ ኮረንቲ ነው። ካሜራ የሚገድለው ይህኛው ነው።

ካሜራው ፍላሹን "አብራ" የሚለው ሁለት ብረት በማገናኘት ነው። በዚያች ቅጽበት የፍላሹ ቮልቴጅ በካሜራው ውስጥ ያልፋል። የዛሬ ፍላሾች የሚልኩት ጥቂት ቮልት ነው። የድሮዎቹ ግን 200፣ ከዚያም በላይ ቮልት የሚልኩ አሉ። የድሮ መካኒካል ካሜራ፣ ዜኒቱም ይሁን ፔንታክስ ኬ 1000፣ ውስጡ ብረት ከብረት ስለሚነካካ ይህን ይችለዋል። ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ የሆነው ካሜራ ግን ሊቃጠል ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ባይቃጠል እንኳ ቀስ በቀስ ይጎዳል። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ካሜራዎች እስከ 24 ቮልት እንዲችሉ ይላል፤ ከዚያ በፊት የተሠራው ግን በዚያ ደረጃ አልተሠራም። 6 ቮልትና ከዚያ በታች ከሆነ ማንኛውም ካሜራ ላይ ሳትሰጉ ስኩት።

እንዴት ይታወቃል? ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነው ጎረቤታችሁ ቴስተር አለው። ፍላሹ ውስጥ ድንጋይ ክተቱ፤ ወላጆች እንዳይደናገጡ፣ የባትሪ ድንጋይ ማለቴ ነው። አብሩት፤ የዝግጁነት መብራቷ እስክትበራ ጠብቁ። ቴስተሩን ለከፍተኛ የዲሲ ቮልት አዘጋጁና ቀዩን ጫፍ ከፍላሹ ሥር ባለችው መሀለኛ ነጥብ፣ ጥቁሩን በጎን ባለው ብረት ላይ አሳርፉ። የሚታየው ቁጥር መልሱ ነው። በስሙ አትመኑ። ቪቪታር 283 የሚባለውን ዝነኛ ፍላሽ ውሰዱ፤ ቀደም ብለው የተሠሩት ከፍተኛ ቮልት ይልካሉ፣ በኋላ የተሠሩት ዝቅተኛ ነው። ስሙ አንድ፣ መልኩ አንድ፣ ጠባዩ ሁለት። ደግሞ አደራ፤ ፍላሽ ከፍታችሁ ውስጡን አትንኩ። ድንጋዩን ካወጣችሁ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እንኳን ሰው በሬ ያስደነግጣል።

ሦስተኛው አንቀጽ ጊዜ ነው። ለዚህ አንድ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

በልጅነቴ ፎቶ የተማርኩት ከአንድ ዘመዴ ዘንድ በፔንታክስ ኬ 1000 ነው። "ፍላሽ ስትሰካ ሻተሩን 60 ላይ አድርግ" ብሎኛል። እንደ ጸሎት ሸመደድኩት። አንድ ቀን እሱ ታሞ የሠርግ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ኬ 1000ው ጥገና ላይ ስለነበር ዜኒት ተዋስኩ። ፍላሹ ያው ፍላሽ ነበር። ገመዱን ሰካሁ፣ ሻተሩን 60 ላይ አደረግሁ፣ ብልጭ ብልጭ ሲል ዋለ። ሙሽሮቹን አነሳሁ፣ ሚዜዎቹን አነሳሁ፣ ሽማግሌዎቹን አነሳሁ። ፊልሙን ደሴ ወስጄ አሳጠብኩ። ፎቶው ሲመጣ በእያንዳንዱ ላይ ሙሽራዋ አለች፣ ሙሽራው የለም። ግማሹ ፎቶ ልክ በመጋረጃ እንደተከለለ ጥቁር ነው።

ይዤ ስሄድ የሙሽራዋ እናት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና፣ "ልጄ፣ የእኛን ልጅ ለማን ነው የዳርናት?" አሉኝ። ዘመዴ ደግሞ ከአልጋው ሆኖ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ "ሻተሩን ስንት ላይ አደረግኸው?" "60 ላይ፣ ጋሼ" አልኩ። "ዜኒት 30 ነው" አለኝና ወደ ግድግዳው ዞረ።

የሆነው ይህ ነው። በእነዚህ ካሜራዎች ውስጥ ፊልሙን የሚሸፍኑ ሁለት የጨርቅ መጋረጃዎች አሉ። የመጀመሪያው ይከፈታል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሁለተኛው የመጀመሪያውን መጨረሻ አይጠብቅም፤ ተከትሎት ይሮጣል፤ ፊልሙም ብርሃን የሚያየው በሁለቱ መካከል ባለች ስንጥቅ ብቻ ይሆናል። የፍላሽ ብልጭታ ደግሞ የሰከንድ አንድ ሺሕኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ብልጭ ሲል መጋረጃው በግማሽ ከሆነ ፎቶውም በግማሽ ይሆናል። መጋረጃዎቹ ሁሉንም ፊልም ክፍት የሚያደርጉበት ከፍተኛው ፍጥነት የካሜራው የፍላሽ ፍጥነት ይባላል። ዜኒት ኢ 1/30 ነው። ኬ 1000፣ ካኖን ኤኢ-1፣ ኦሊምፐስ ኦኤም-1 1/60 ናቸው። ኒኮን ኤፍኤም 1/125 ነው። ሻተሩ ሌንሱ ውስጥ የሆነ ካሜራ፣ እንደ ሉቢቴል ያለ፣ በሁሉም ፍጥነት ይሠራል፤ እንደ አበባ መሀሉ ተከፍቶ የሚዘጋ ስለሆነ። በብዙ ካሜራ ላይ የፍላሽ ፍጥነቱ በ"ኤክስ" ምልክት ወይም በተለየ ቀለም ተጽፏል፤ መነጽራችሁን አድርጉና ፈልጉት።

አንዳንድ ካሜራ ላይ "ኤም" እና "ኤክስ" የሚል መምረጫም ታገኛላችሁ። ይህ "ኤም" ቅድም በፍላሹ ላይ ካልኩት የተለየ ነው። የካሜራው "ኤም" ለድሮው የአምፖል ፍላሽ ነው። አምፖሉ ሞልቶ እስኪበራ ጊዜ ስለሚወስድ ካሜራው ሻተሩን ጥቂት ያዘገይለታል። የዛሬውን ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ እዚያ ላይ ካደረጋችሁት ሻተሩ ሳይከፈት ብልጭ ብሎ ያልቃል፤ ፊልሙም ባዶ ይመጣል። ምልክቱ "ኤክስ" ላይ ይሁን።

አራተኛው አንቀጽ መጠን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ፤ የገበያ ሒሳብ ከምትሠሩት አይከብድም።

ፍላሽ ሁሉ የአቅም ቁጥር አለው። ጀርባው ላይ ወይም መመሪያው ላይ፣ አይኤስኦ 100 ለሆነ ፊልም በሜትር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በድሮው ፊልም ሣጥን ላይ አይኤስኦ የሚለው "አሳ" ተብሎ ነበር የሚጻፈው፤ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ቆሜ አሳ 100 ስል ዓሣ አጥማጆቹ ዋጋ እንዳትጠይቁኝ። ቁጥሩን ለርቀቱ ታካፍሉታላችሁ፤ የሚወጣው አፐርቸር የምንለው የሌንስ ቀዳዳ ነው። አቅሙ 28 የሆነ ፍላሽ ይዛችሁ ሙሽሮቹ 5 ሜትር ላይ ከቆሙ፣ 28 ለ5 ሲካፈል 5.6 ነው፤ ሌንሱን ኤፍ 5.6 ላይ አድርጉ። 3 ሜትር ተኩል ከሆነ ኤፍ 8። 7 ሜትር ከሆነ ኤፍ 4። አይኤስኦ 400 ፊልም ከገባ የአቅም ቁጥሩ በእጥፍ ይሄዳል፤ 28 የነበረው 56 ይሆናል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ግን ብርሃኑ አንድ አራተኛ ይሆናል። ማታ ሐይቁ ዳር ቆሞ ፍላሽ እያበራ ውኃውንና ማዶውን ለማንሳት የሚሞክር ሰው አይቻለሁ። ፍላሹ የሚደርሰው እፊቱ ያለችው ታንኳ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጨለማው ወስዶታል።

ይህን ሒሳብ በእያንዳንዱ ፎቶ መሥራት የሚያደክመው ሰው የራሱ ዓይን ያለውን ፍላሽ ይያዝ። ፊቱ ላይ ትንሽ ዳሳሽ አለችው። ብርሃኑ ሄዶ ሲመለስ ትለካና በበቃት ጊዜ ታቋርጠዋለች። ይህ ዓይነት ፍላሽ የካሜራውን ቋንቋ ማወቅ አያስፈልገውም። ፊልሙ ስንት እንደሆነ ንገሩት፣ እሱ ያላችሁን ቀዳዳ ሌንሱ ላይ አድርጉ፣ በቃ። ለአሮጌ ካሜራ ባለቤት ከዚህ የተሻለ ወዳጅ አላውቅም።

ዓይኗ ግን አንድ ነገር አታውቅም፤ ነጠላ አታውቅም። ዓለሙ ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ይመስላታል። እናታችን ነጭ ነጠላ ተከናንባ ስትቀመጥ ብርሃኑ ከነጠላው ላይ ነጥሮ ይመለስባታል፤ "በቃ" ብላ ታቋርጣለች። ነጠላው ደህና ይወጣል፣ የእናታችን ጠይም ፊት ግን ይጨልማል። ስለዚህ ነጭ ለባሽ በበዛበት፣ ቀዳዳውን አንድ ደረጃ ክፈቱ፤ ኤፍ 8 ያላችሁን ኤፍ 5.6 አድርጉት። ኔጋቲቭ ፊልም ትንሽ ብርሃን ቢበዛበት ይታገሳል፤ ቢያንሰው ግን ይቅር አይልም። ፎቶ ያነሳነው ፊቱን ለማየት ነው፤ ነጠላውንማ ሸማኔው ያውቀዋል።

ቤቱንም እዩ። ብርሃኑን በቀጥታ ሰው ፊት ላይ ከመወርወር ወደ ላይ አንስቶ ከኮርኒስ ላይ ማንጠር ፊቱን ያለሰልሰዋል፣ ከኋላ ያለውን ጥቁር ጥላ ያጠፋል፣ ዓይንም አይቀላም። ለዚህ አንገቱ የሚታጠፍ ፍላሽ ያስፈልጋል። ኮርኒሱም ነጭ መሆን አለበት። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ከሆነ ሙሽራዋ አረንጓዴ ሆና ትወጣለች። ጭስ ያጠቆረው የገጠር ቤት ጣሪያ ደግሞ ብርሃኑን ይውጠዋል እንጂ አይመልሰውም። በቅጠል የተሸፈነ ዳስ ሥርም የሚመልስላችሁ ነገር የለም፤ እዚያ ቀረብ በሉና በቀጥታ አብሩ። ነጭ ኮርኒስ ባለበት ብርሃኑ የሚሄደውን መንገድ ቁጠሩ፤ ወደ ላይ 2፣ ወደ ታች 3 ቢሆን 5 ሜትር ነው። አይኤስኦ 400 ይዛችሁ 56ን ለ5 ስታካፍሉ ኤፍ 11 ይመጣል፤ ኮርኒሱ ላይ ለሚባክነው ሁለት ደረጃ ክፈቱና ኤፍ 5.6 ላይ አንሱ።

በዚሁ አንቀጽ ሥር ቲቲኤል የሚባለው አለ። ካሜራው በሌንሱ በኩል ገብቶ ፊልሙ ላይ ያረፈውን ብርሃን ራሱ ለክቶ ፍላሹን የሚያስቆምበት ነው። ይህን የጀመረው በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ኦሊምፐስ ኦኤም-2 ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ካሜራውና ፍላሹ ከአንድ ቤት ሲሆኑ፣ ያውም ትውልዳቸው ሲገጥም ነው። የኒኮንን ፍላሾች ተመልከቱ፤ ኤስቢ-800 በፊልም ካሜራ ላይ በቲቲኤል ይሠራል፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ኤስቢ-700 ግን ለዲጂታል ብቻ ስለተሠራ አይሠራም። አዲስ ስለሆነ ይሻላል ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። የዲጂታል ፍላሽ ቅድሚያ ትንሽ ብልጭታ ልኮ መልስ ይጠብቃል፤ የድሮው ፊልም ካሜራ መልስ አይሰጠውም።

ጊዜና መጠን በአንድነት የሚፈተኑት ደግሞ ጨለማ ውስጥ እንዳይመስላችሁ። የሚፈተኑት በቀትር፣ ሐይቁ ዳር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የባርኔጣው ጥላ ዓይንን ይሸፍነዋል፤ ያንን ጥላ ለመሙላት ፍላሽ ይጠራል። አይኤስኦ 100 ይዛችሁ በጠራ ፀሐይ ኤፍ 16 ከ1/125 ጋር ልክ ነው። ኒኮን ኤፍኤም የያዘ ሰው በዚያው ይሠራል። ኬ 1000 የያዘ 1/60 ላይ ስለሚወርድ ኤፍ 22 ይፈልጋል። ዜኒት የያዘው 1/30 ላይ ነውና ኤፍ 32 ያስፈልገዋል፤ ሌንሱ ደግሞ ኤፍ 16 ላይ ያበቃል። ሉቢቴል የያዘው 1/250 ላይ ኤፍ 11 አድርጎ ይስቃል፤ አቅሙ 28 የሆነው ፍላሽ 2 ሜትር ተኩል ድረስ ይደርስለታል። ርካሹ ካሜራ ውዶቹን የሚበልጥበት ሰዓት ይኸው ነው። ዜኒት ያለው ወንድሜ አይዘን፤ ሰውየውን ወደ ዛፍ ጥላ ይዞት ይሂድና ያለ ፍላሽ ያንሳው።

እንግዲህ ለመግዛት የምትወጡ ብትኖሩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ዜኒት ወይም ሌላ የገመድ ካሜራ ያላችሁ፣ ገመድ ያለውና የራሱ ዓይን ያለው ፍላሽ ፈልጉ፤ ቮልቴጁ አያስጨንቃችሁም። ኬ 1000 ወይም ኤፍኤም ያላችሁ፣ መሀለኛ ነጥብ ያለው ማንኛውም ፍላሽ ይበቃችኋል፤ ዛሬ የሚሸጡት በእጅ ብቻ የሚታዘዙ የቻይና ፍላሾች፣ እንደ ዮንግኑኦ 560 ያሉት፣ ሒሳቡን ለማይፈራ ሰው ጥሩ ናቸው። ካኖን ኤኢ-1 ያላችሁ የራሱን ስፒድላይት 155ኤ ብታገኙ ፍላሹ ሲሞላ ካሜራውን በራሱ 1/60 ላይ ያደርገዋል፤ ሌላ የድሮ ፍላሽ ከሆነ ግን ሳትለኩ አትስኩ።

ያገለገለ ስትገዙ የድንጋይ ቤቱን ክፈቱ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ ተዉት። ድንጋይ ክተቱ፣ አብሩ፣ የዝግጁነት መብራቷ በስንት ሰከንድ እንደምትበራ ቁጠሩ። ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ ፍላሽ መጀመሪያ ቀርፋፋ ነው፤ ሞልቶ ጥቂት ይቆይ፣ ከዚያ አብሩት፣ ደጋግሙት። እንደ ቆየ በቅሎ ቀስ እያለ ይፍታታል። ጭራሽ ካልሞላ ለሻጩ ምስጋና ይድረሰው፤ እናንተ ግን ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

አሁን ያቆየሁት አምስተኛው አንቀጽ ላይ ደረስኩ። እንደ ውጫሌው 17ኛ አንቀጽ ይህም የ"ይችላል" እና የ"አለበት" ጉዳይ ነው፤ ፍላሽ ሁልጊዜ ያስፈልጋል ወይ?

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲመጣ ፎቶ የሚያነሱ የጦር መሐንዲሶች ይዞ ነበር። የማግኒዥየም ዱቄት ፍላሽ በጀርመን የተሠራው በ1887 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ያነሱት ሁሉ በፀሐይ ነው። ከመቅደላ የተወሰደው ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በምትባል ሴት ፎቶ ተነሣ። ያንን ያዘነ ፊት ዛሬም የምናየው ፍላሽ ሳይኖር ነው። ፍላሽ ቢኖርስ ኖሮ ያ ሐዘን ይገኝ ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ከዚህች ከተማ አጠገብ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል አለ፤ በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ። ያ ወንጌል ፊልም ላይ አርፏል። በ1973 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ 1832 የሚል ቁጥር ሰጥቶ መዝግቦታል። ማይክሮፊልም ሲነሣ ደግሞ የሚያስፈልገው ሳይንቀጠቀጥ ከግራና ከቀኝ የሚበራ የተስተካከለ መብራት ነው፤ ፊት ለፊት ብልጭ የሚል ፍላሽ ከብራናው ላይ አንጸባርቆ ፊደሉን ያጠፋዋል። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው ብራና ፊልም ላይ እንዲተርፍ ፍላሽ አላስፈለገውም። ገዳም ውስጥ ስትገቡ አባቶችን አስፈቅዱ፤ "በፍላሽ አይሆንም" ካሉም ትሪፖዳችሁን ተክላችሁ በመስኮቱ ብርሃን ጠብቁ።

ወዳጃ ላይም እንዲሁ ነው። ማታ ዱዓ ተይዞ፣ የቡናው ጀበና ከረከቦቱ ጎን ሆኖ፣ የዕጣኑ ጭስ ቤቱን ሞልቶት ፍላሽ ብታበሩ ብርሃኑ የሚያርፈው ጭሱ ላይ ነው። የምታገኙት ነጭ ጉም ነው፤ የሽማግሌው ፊት ከኋላው ይቀራል። ሰዎቹም ከዱዓቸው ይደነብራሉ። ፋኖሱ ያለበትን ጎን ያዙ፣ አይኤስኦ 400 ፊልም ክተቱ፣ ሌንሱን ሙሉ ክፈቱ፣ ትንፋሻችሁን ዋጥ አድርጉ።

ፍላሹ ካሜራው ላይ ተሰክቷል ማለት መብራት አለበት ማለት አይደለም። መብራት ይችላል። ማብሪያው በእናንተ እጅ ነው።

እናም ዛሬ ማታ እቤታችሁ ስትገቡ ያንን የአባታችሁን ካሜራ ከሣጥኑ አውጡት። መቀመጫውን እዩ፣ "ኤክስ" የሚለውን ምልክት ፈልጉ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ሣጥኑ ክዳን ላይ ለጥፉት። ያን ቀን እንዲያ አድርጌ ቢሆን ኖሮ አንድ የሐይቅ ሙሽራ ሠርጉ ላይ ከሚስቱ ጎን ቆሞ በታየ ነበር።

 ፍላሽ ይዛችሁ የመጣችሁ ቅረቡ፤ ቴስተሩ እኔ ዘንድ ነው።